ጋሪው ላይ ጨርቁ ብቻ

ለምወድሽ እታለም ሶስና፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከዳንግላ ብርድ ጋር ተስማምቼ አለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

አሠሪዬ ስማቸው፣ ለአንዲት ጥርሱ ሕመም ሦስት ቀን ሱቅ የዘጋው ጀግና፣ የወር አበባዬ መጥቶ የስፌት መኪናውን መርገጥ ሲያቅተኝ «ሰነፍ» ይለኛል። «ኢንዶሜትሪዮሲስ አለባት» የሚለውን፣ ያን መውለድ እንኳ የሚያስቸግር የማህፀን ሕመሜን የጻፈውን የሐኪም ወረቀት ባሳየው አዝራር ጠቀለለበት።

የጋሪው መንገጫገጭ ሆዴን ስለሚቀደው፣ ከገበያ ስመለስ ጨርቁን ጭኜ እኔ ከጎኑ በእግሬ እሄዳለሁ። ባለጋሪው «ለፈረሱ አዝነሽ ነው?» ይላል፤ ቀልዱም እንደ ፈረሱ የከሳ ነው።

የስማቸው ሚስት ደግሞ «ውለጂ፣ ሕመሙ ይተውሻል» አለችኝ። ሐኪሟን እዪልኝ! እኔ ግን መርፌዬ ላይ ክር አስገብቼ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ለልጅሽ ቀሚስ ልኬያለሁ። ከእሱ በተረፈው ቁራጭ ለጨቅላ የምትበቃ ሌላ ሰፍቻለሁ፤ እሷን ለማንም አትስጪ፣ አንቺ ዘንድ ትቀመጥልኝ።

በናፍቆት የምስምሽ እህትሽ ማስተዋል