በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ደብዳቤ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? ባለቤትሽ አናጢው እንደምን አለ፣ ወገቡንስ ተሻለው? ልጅሽ ጠያቂዋስ? ጥያቄዋ ቀነሰ ወይስ ጭራሽ ባሰባት? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗ፣ እንቅልፏ፣ የምግብ ፍላጎቷ? ሁላችሁንም አንድ በአንድ ሰላም ብያለሁ። ስለ እኔ ጤንነት የሚጻፈውን ግን እንደ ወትሮው እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እባክሽ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ጠያቂዋ እንደለመደችው ከፖስተኛው እጅ ነጥቃ ለእማዬ ጮክ ብላ ማንበብ ከጀመረች፣ ይኸው እዚህ ጋ አስቁሚያት። አክስትሽ ናት ያለችው በያት።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ግራ እጄ የለም። ከክርኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ከተቆረጠ ሰባት ወር ሆነው። ቁስሉ ድኗል፣ ሐኪሙም ጥሩ ነው ብሎኛል፣ አሁን አያመኝም፤ ብርድ ሲሆን ብቻ የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል። ይህችን አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ከዚያ ወዲህ የላክሁላችሁ አራት ደብዳቤዎች ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደሉም። ስለ ዝናቡም፣ ስለ አከራዬ ድመትም፣ ስለ ደሞዝ መዘግየቱም የጻፍኩት እውነት ነው። ውሸቱ 'እኔ ደህና ነኝ' የሚለው ብቻ ነው። የምጽፈው በቀኝ እጄ ስለሆነ ጽሕፈቴም አላጋለጠኝም። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ቁጣሽን እስከ መጨረሻው ካነበብሽ በኋላ አድርጊው፤ የምለምንሽ ነገር አለና።

ያኔ የሰርቪስ መኪናችን ተገለበጠ ብዬ የጻፍኩትን ታስታውሻለሽ። የሆቴል አንሶላ የሚያጥበው መሥሪያ ቤታችን ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን በሚኒባስ ይሰበስባል። እኔ ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መስኮት ይዤ ነው የምቀመጠው። አደባባዩን ስንዞር አንድ የጭነት መኪና ከጎን መጥቶ ገጨን፣ መኪናችንም በጎኑ ተኛ። የግራ እጄ አንጓ በመስኮቱ ብረትና በወንበሩ መሃል ተቀረቀረ። ስቤ አወጣሁት። ደሙ ብዙ አልነበረም፤ በሻሼ ጠቀለልኩትና ወጣሁ። አጠገቤ የነበረችው ረጅሟ፣ አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ጓደኛዬ፣ ግንባሯ ተሰንጥቆ ራሷን ስታለች። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ እግራቸው ተሰብሮ ይጮኻሉ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው ምን አፍ አለው?

ትራፊክ ፖሊሱ መዝገቡን ይዞ እየዞረ ሁሉንም ይጠይቃል። እኔ ጋ ሲደርስ "እንዴት ነሽ እህቴ?" አለኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ?" አልኩት። አትሳቂ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ደግሞ እማዬ ያሳደገችን እንዴት ነው? ሰው እንዴት ናችሁ ሲል መልሱ ደህና ነው፤ ቤታችን ቢቃጠል እንኳ ደጅ ቆመን ደህና ነን ብለን፣ የጠያቂውን ልጆች ጤና ጠይቀን ነው ውኃ የምንለምነው። ፖሊሱ ሻሹን አይቶ እጅሽ ምን ሆነ ሲለኝም፣ ኧረ ምንም አይደል፣ እኚህን አባት እይልኝ አልኩት። እሱም 'ጉዳት የለም፤ ደህና ነኝ ብላለች' ብሎ ጻፈና ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እጄ እንደ ትራስ አብጦ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ጎድሎብናል ሲሉኝ እንዴት ብዬ እቀራለሁ? በምሳ ሰዓት ለእማዬ ደብዳቤ ጽፌ በዚያው ፖስታ ቤት አስገባሁ። የመኪናውን ወሬ ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። በሁለተኛውም ቀን ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ጠቆሩ፣ ትኩሳቱም አልነሳ አለኝና ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ለካ ከውስጥ አጥንቱም ሥጋውም ደቅቆ ኖሯል። ሐኪሙ ትናንት ብትመጪ ኖሮ አለ፣ ከዚያ ያለውን ነገር ዋጠው። እኔም የቀረውን አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ካሳ ጠየቅሁ። የጭነት መኪናው የገባበት የመድን ድርጅት ለዘበኛው ከፍሏል፣ ለረጅሟም ከፍሏል። ለእኔ ግን የለም። ጉዳዬን የያዘው ሰው ጨዋ ነው፤ ወንበር ይስባል፣ አንቱ ይለኛል፣ መነጽሩን እያወለቀ ይጠርጋል። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። በዕለቱ ደህና ነኝ ብለው ፈርመዋል፣ ሁለት ቀንም ሥራ ገብተዋል፣ እጅዎን የጎዳዎት የልብስ መጭመቂያ ማሽን ሊሆን ይችላል፣ እኛ በምን እናውቃለን አለኝ። የሐኪሙ ወረቀት አለ አልኩት። እሱም ላይ የመኪና አደጋ ነው ያለችው ታካሚዋ ናት ይላል፤ ታዲያ የትኛውን ቃልዎን እንመን አለ። ረጅሟ አብራኝ ሄዳ ነበርና እኔ ምስክር ነኝ ብላ ተነሳች። እርስዎ ራስዎን ስተው እንደነበር እዚሁ ተጽፏል ብሎ አስቀመጣት። ስንወጣ በር ድረስ ሸኘን። ለደረሰብዎ ነገር ከልብ አዝናለሁ፣ አሁንስ እንዴት ነዎት አለኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" አልኩት! ረጅሟ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዬን የያዙልኝ የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እርሳሳቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው ጠረጴዛ ሙሉ እርሳስ ይፈልጋሉ። ባለፈው ሳምንት ቁጭ አደረጉኝና፣ እጅሽ ሳይቆረጥ በፊት ለማንም የጻፍሽው ነገር የለም ወይ አሉኝ። ለእናቴ ጽፌያለሁ አልኩ። ምን ብለሽ? ደህና ነኝ ብዬ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ቀስ ብዬ ሳስታውስ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። 'ትናንት የሰርቪሱ መኪና ተገልብጦ መስኮቱ የግራ እጄን አንጓ ትንሽ ያዝ አድርጎኝ አብጧል፣ ወረቀቱን በክርኔ ተጭኜ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታ' ብያለሁ። ይህን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ደብዳቤው አለ? ፖስታውስ? ማኅተሙስ ይነበባል? እናቴ ፖስታ አትጥልም አልኳቸው።

ስለዚህ እትዬ፣ የምለምንሽ ይኸው ነው። እማዬ አልጋ ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤዎቼን በክር አስራ እዚያ ነው የምታስቀምጣቸው። የምንፈልገው ሰማያዊ ፖስታ ነው፤ ቴምብሩ ላይ ሁለት ወፎች አሉ። ዋናው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለው ቀን ነው፤ የአደጋው ማግስት ነዋ። ደብዳቤውን ከነፖስታው በአደራ አስመዝግበሽ ላኪልኝ። ጉዳዩ የሚታየው በሚቀጥለው ወር በሃያ አራት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዋጋ የለውም።

ለእማዬ ሳትነግሪ ሰርቀሽ አውጪልኝ ልልሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን አይሆንም። ማንበብ ባትችልም እያንዳንዱን ፖስታ በቴምብሩ ታውቀዋለች፤ ወፎቹ የት ሄዱ ማለቷ አይቀርም። ደግሞም ደብዳቤው በእሷ ስም የተላከ ስለሆነ፣ መቼ እንደደረሳት ቃሏን ከነአሻራዋ መስጠት አለባት። አንድ ሰው ጣቷን ቀለም ሲያስነክራት ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አትሰጥም። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም ያላወቀውን ነገር እንዲፈርም አልፈልግም። አንቺ ንገሪያት። ጠዋት፣ ፊቷን ታጥባ ስትቀመጥ ንገሪያት። አናጢውም አጠገባችሁ ይሁን።

ካሳው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ማወቅ አለብሽ። አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ ፊት ለፊት ቆመን፣ ጫፍ ጫፉን ይዘን፣ እየተራመድን መጥተን እንገናኛለን። ከሐኪም ቤት እንደተመለስኩ ረጅሟ እንሞክር አለችኝ። አንዱን ጫፍ በእጄ፣ ሌላውን በጥርሴ ያዝኩ። እስክንታጠፍ ሳቅን፣ አንሶላው ግን አልታጠፈም። በጥርሴ የያዝኩትም ምራቅ ነክቶታል ተብሎ እንደገና ታጠበ። አሁን መለያ ቁጥር የሚለጠፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውኛል፤ እሱም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አሰናብትሻለሁ ብሎ አለቃዬ በግልጽ ነግሮኛል። ካሳው ከተገኘ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥማለሁ፤ በእግር የሚረገጥ የልብስ መተኮሻም አይቻለሁ፣ በአንድ እጅ ይሠራል። ቤት ተከራይቼ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ካልተገኘ እመጣለሁ። መምጣቱን አልጠላሁትም እትዬ፣ ግን ተሸንፌ መምጣት አልፈልግም።

ጠበቃዋ ሌላም የቤት ሥራ ሰጥተውኛል፤ የማልችለውን ነገር ሁሉ በራሴ ጽሕፈት እንድጽፍ። መጀመሪያ 'ብዙ የለም፣ እየለመድኩት ነው' ብዬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን መለሱልኝና፣ ለእኔ አትጻፊ፣ ልትዋሺው ለማትችይው ሰው ጻፊ አሉኝ። ስለዚህ ለአንቺ እጽፋለሁ። የታጠበ ልብስ መጭመቅ አልችልም። ሻሼን ማሰር አልችልም፤ ጠዋት ጠዋት አከራዬ ታስርልኛለች፣ ድመቷም ጫፉን ትጎትታለች። ጠርሙስ የምከፍተው በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ነው። የቀኝ እጄን ጥፍር መቁረጥ አልችልም። ያቺን ሳውቅ ነው ያለቀስኩት። ሲቆርጡኝ አላለቀስኩም፤ አንድ ቅዳሜ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጥፍር መቁረጫውን አንስቼ፣ በምን እንደምይዘው ሳጣው ግን አለቀስኩ። አሁን ዓርብ ዓርብ ረጅሟ ትቆርጥልኛለች። ልጅ ሆነን አንቺ ቆዳዬን አብረሽ እየቆረጥሽ ምንም አልሆንሽም ትይኝ እንደነበረው አይደለችም፣ እሷ ትጠነቀቃለች። እኔ ግን የአንቺን አቆራረጥ ነው የናፈቅሁት።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአናጢው ሰላም በይው፤ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው እያለ ይቀልድብኝ አልነበር? ይኸው ለየት ያለ ጽፌለታለሁ። ጠያቂዋን ጉንጯን ሳሚልኝ። እጅሽ የት ሄደ፣ ተመልሶ ይበቅላል ወይ፣ ሌላም ሌላም ትጠይቃለችና አትቆጫት፤ እኔ ራሴ እመልስላታለሁ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት መጀመሪያው ላይ ቀጥ አድርጋሽ፣ ልጄ ደህና ነኝ የምትለው የታለ ብላ መጠየቋ አይቀርም። አላነበብኩትም ብለሽ አታልፊያት። በዚህኛው አልጻፈችውም በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከመለያ ጠረጴዛው
ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ በምሳ ሰዓት