ገንዳ ውስጥ የተነከረው የጀልባ ሞተር

የካቲት 11፣ ከሰ/በኋላ
ዘይቱ ግሏል፣ ዱቄቱ ተነፍቷል፣ አሳ የለም። ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ልቤ ግን የለም። ባ/ቤቴ ታደሰ ከንጋት ጀምሮ ግቤ ግድብ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባ በመቅዘፊያ አይገፋም፤ ይህን እዚህ በቾ ቦሬ ቤቴ ቁጭ ብዬም አውቀዋለሁ።

12 ሰ.
መጣ። ባዶ እጁን። ነፋሱ ጉማሬዎቹ ወዳሉበት ቄጠማ ወስዶት ነበር፣ ጓደኛው ነው የነገረኝ። እሱ ትንሽ ራቅ አልኩ እንጂ ይላል። መዳፉ ተልጧል። ተቆጣሁት፣ አበላሁት፣ እንደገና ተቆጣሁት። ደብተሬ፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

የካቲት 12
ከአልጋው ሥር ሞተሩን ጎትቼ አወጣሁት። ወንድሜ ከሐዋሳ በአይሱዙ የላከልኝ የጀልባ ሞተር። ለኔ ነው የላከው፣ የምወስነውም እኔ ነኝ። አሮጌ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል። ታደሰ ነገውኑ እንግጠመው ይላል። አይሆንም። መሀል ውሃ ላይ የሚሞት ሞተር ከመቅዘፊያ ይብሳል፤ መቅዘፊያ ቢያንስ አያታልልም። ይጠገን ወይስ ለቁራሌው ይሰጥ?
አጋሮ ጋሽ ከድር የሚባሉ የቡና መፈልፈያ ሞተር አዋቂ አሉ። የጀልባ አይተው አያውቁም። ደወልኩላቸው። ሳቁና ሞተር ሞተር ነው፣ አምጪው አሉኝ። ይህ አባባል አልተመቸኝም።

የካቲት 15፣ አጋሮ
ይህ ሞተር በእግሩ ውሃ እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እግሩ ካልተነከረ ይቃጠላል። ውሃ ከየት ይምጣ? ጋሽ ከድር የቡና ማጠቢያውን ገንዳ አሰቡ። ወቅቱ አልፏል፣ ገንዳው ሥራ ፈት ነው፣ ዘበኛው ውሃ ለቀቀልን። ጠርዙ ላይ አሰሩት። ገመዱን ሳቡ፣ ሳቡ፣ ተነሳ። ምን ልበልሽ፣ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ። ከጎኑ እንደ ሕፃን ሽንት ቀጭን ውሃ ይተፋል። ለብ ያለ። እጄን ታጠብኩበት። ታደሰ በደስታ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ።
ከዚያ ውሃው ቀጠነ። ቆመ። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ሽታ። ከዚያ ዝም። ቢስቡት አልነሳ አለ።
ጋሽ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አብቅቶለታል። ታደሰ የተላጠ መዳፉን ያያል። ዘበኛው «ቢያንስ ታጥቦ ሞተ» አለ። እኔ ብቻ ሳቅሁ፣ ከጭንቀት።

የካቲት 16
የአክስቴ ልጅ ቤት አደርን። ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ያቺ ውሃ ታየችኝ። ውሃው ነው ቀድሞ የቆመው፣ ሞተሩ ኋላ ነው። ሄጄ ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። «ሜ፣ እስቲ ተይኝ ልጄ» አሉ። አልተውኳቸውም፤ ወሬ እንደማበዛ መቼም ታውቂያለሽ። አፌን እንድዘጋ ብለው የሞተሩን እግር ፈቱት።
የቡና ገለፈት። ለካ ገንዳውን ማንም አልጠረገውም። ሥሩ ተኝቶ የከረመውን ሞተሩ ምጎ ምጎ ጉሮሮው ተደፍኗል። ጋሽ ከድር በጣታቸው እያወጡ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ውስጡ አልተቃጠለም። ውሃ የምትስበው ጎማ ግን ተበልታለች። ለወንድሜ ደወልኩ። ይልካል።

የካቲት 27፣ ማታ
አጋሮ ውለን ተመለስን። ጎማዋ ተገጥማለች። ገንዳውን ራሴ ጠረግኩት። ሞተሩን እስኪሰለቸን አስነሳነው፤ ውሃዋ አልቀጠነችም። ታደሰ ነገ ማዶ እሻገራለሁ ይላል። ግድቡ ገለፈት የለውም፣ ቄጠማ ግን አለው።
ወሰንኩ። ሞተሩ ይገጠማል። መቅዘፊያዎቹ ከጀልባው አይወርዱም። ነገ ማዶ የለም፤ ጀልባው እንደ ጥጃ በረጅም ገመድ ታስሮ ዳር ዳሩን ይሞከራል። ሰው ይስቅብኛል አለ ታደሰ። ይሳቅ፣ እኔው እጀምርላቸዋለሁ። እሺ፣ ገመዱን ዛፍ ላይ እናስረው አለ።
አይሆንም። እኔ ነኝ የምይዘው። ዛፍ ውሃዋ ስትቀጥን አያይም።