ፒያሳ ላይ የጠፋን ቀን

ጌቱዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ደህና ነኝ ስልህ ለወግ እንዳይመስልህ፤ እውነቴን ነው። ኮንዶሚኒየሙ ያው ነው፣ ውሃው ዛሬም ሲፈልግ ይመጣል። ቤዛ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በቁመት በልጣኛለች፤ ባንተ ወጥታ ነው።

ያስጨነቀኝ ናሆም ነበር። ከቀብርህ ወዲህ ከትምህርት ቤት ውጪ የትም አይሄድም፣ ስምህ ሲነሳ ደግሞ ብድግ ብሎ ክፍሉ ይገባል። አንተን ቀብሬ ልጄንም በቁሙ ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከተማውን አዞራችኋለሁ ብለህ ሳትደርስበት የቀረኸውን እኔ ላደርገው ተነሳሁ። ጥቁሬን እንደለበስኩ ልጆቼን አስከትዬ ስወርድ ጎረቤቶች ተያዩ። ሐዘንተኛ ሽርሽር ወጣች ይበሉ፤ የሰው አፍ ልጅ አያሳድግልኝም።

በታክሲ ፒያሳ ገባን። መጀመሪያ ሻይ የጋበዝከኝን ኬክ ቤት ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ጫማ ቤቱ ጋ ወደ ግራ፣ ፎቶ ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ እያልኩ በልበ ሙሉነት መራኋቸው። ለካ ጫማ ቤቱም የለ፣ ፎቶ ቤቱም የለ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድና አበባ ሆኗል። እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ መንገድ አልጠይቅም። ቤዛ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ብትለምነኝም ዝም ብዬ ወደፊት። ዞረን ዞረን እዚያው የወረድንበት ቦታ ተመለስን።

ይሄኔ ናሆም ሳቀ። እማዬ፣ አንቺስ ከአባዬ በምን ተሻልሽ አለኝ። አባዬ የሚለውን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። መንገድ ዳር ተቀመጥንና ማውራት ጀመረ። መርካቶ ቦርሳ ልትገዛለት ወስደኸው፣ አውቀዋለሁ እያልክ ግማሽ ቀን ስታዞረው ውለህ፣ በመጨረሻ አንድ ተሸካሚ እየመራ አስወጣችሁ አሉ። ለእናትህ ትነግርና ወዮልህ ብለህም አስምለኸዋል። አንተ ጉደኛ፣ እኔን እኮ ሱቁ ተጨናንቆ ነው ብለኸኝ ነበር። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ቀጥሎ አለቀስን፣ ደግሞ ሳቅን። ኬክ ቤቱን አላገኘነውም፤ ከአንዱ ሱቅ ብስኩት ገዝተን በላን።

ጌቱዬ፣ እኔ እንደማልረሳህ ታውቃለህ። የፈራሁት ልጆቹ ዝም እንዳሉ እንዳይረሱህ ነበር። አሁን አልፈራም። ቃሌ ይኸው፦ በዚህ ቤት በለቅሶ ብቻ አንጠራህም፣ እየሳቅንብህም እናነሳሃለን።

ያንተው፣ ሰናይት