ያንን ቀሚስ አልጠልፍልሽም

ለምወድሽ እህቴ ለፀደንያ አስናቀ፣

የክረምቱ ጭቃና የአዲስ ዓመት ሽር ጉድ ተደራርበው በያዙን በዚህ ሰሞን፣ ከሐይቃችን ዳር ሆኜ ሰላምታዬን እልክልሻለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳል የድሬዳዋን ሙቀት ፈርቶ ተወሽ ወይስ እዚያም ተከትሎሽ ሄደ? አባዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ማታ ማታ እያሻችሁላቸው ነው? እናት ሆነው ያሳደጉሽ እትዬ ወለላስ ስኳሩ ተሻላቸው? ትንሿ እህታችን ዜማስ ከክፍሏ ስንተኛ ወጣች? እኔና መልካሙ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጣራችን በአንድ በኩል ያፈሳል እንጂ ሌላ የምንከሰው ነገር የለንም።

በስልክ የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። የእጮኛሽ የአማኑኤል የአክስት ልጅ ለሰርጓ የለበሰችው ቀሚስ ነው አልሽኝ። «ቁርጥ ይሄንኑ አስመስለሽ ጥለፊልኝ፣ አንዲት ክር እንዳትለውጪ» አልሽኝ። ቀሚሱ ያምራል፤ አያምርም አላልሁም። ግን አልጠልፍልሽም። ይህን በስልክ ብነግርሽ ገና አፌን ስከፍት ታለቅሺብኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ስታለቅሺ እሸነፋለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። በደብዳቤ ግን ማቋረጥ የለም። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ጥቅል ፍቺው እስክልሽ ድረስ እንዳትፈቺው።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሙሽሮቹ ስልካቸውን ይዘው ይመጡና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አቁመው «እንዲህ» ይሉኛል። እንዲያ አደርግላቸዋለሁ። በሚያዝያና በግንቦት ሰርግ የጠለፍሁትን ጥልፍ ሁሉ ዛሬ ብትጠይቂኝ የአንዱንም መልክ አላስታውስም። እጄ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም። በሰኔ መጨረሻ የቀኝ ትከሻዬ ደርቆ እጄን ወደ ራሴ ማንሣት አቃተኝ። ሻሼን የሚያስርልኝ መልካሙ ነበር፤ የእሱ አስተሳሰር ደግሞ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ቁስለኛ ያስመስለኛል። አንድ ቀን መቀሱን ወርውሬ፣ ሱቁን እዘጋለሁ፣ ጥልፍም በቃኝ አልሁት። አልተከራከረኝም። «መጀመሪያ ትከሻሽን ወንዛዬ ፍል ውኃ እናስገባው፤ መዝጋቱ የትም አይሄድብሽም» አለኝ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ተነሣን። መልካሙ ባጃጁን «ሙሽሪት» ነው የሚላት፤ ከከተማ የሚያስወጣት ፈቃድ ለማግኘት የተመላለሰውን ያህል እኔን ለማግባት አልተመላለሰም። ሰው ለሽርሽር በበጋ፣ በደኅና መኪና ይወጣል፤ እኛ በክረምት እምብርት በሦስት ጎማ ወጣን። ዘንዘልማን አልፈን ሐሙሲት ስንደርስ ዝናቡ በሁለቱም ጎን ይገባ ጀመር። በአንድ እጄ የጎኑን ሸራ ይዤ በሌላው የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እበላለሁ፤ መልካሙም «አጉርሽኝ እንጂ» እያለ በየደቂቃው መንገዱን ትቶ ወደ እኔ ይዞራል። ከሳቁ ብዛት ትከሻዬ መላላት የጀመረው ፍል ውኃው ጋ ሳልደርስ ይመስለኛል።

ስለ ወንዛዬ ብዙ አልጽፍልሽም። ውኃው ይፋጃል፣ ያክማል፣ ሴቶቹም ወሬ አያልቅባቸውም። እጄ ከራሴ በላይ የወጣልኝ ዕለት እልል ያለችልኝ ስሟን እንኳ የማላውቃት የደብረ ታቦር ሴት ናት። ወደ ቤት ልንመለስ ስንል ግን አንድ ነገር ልቤን ያዘው። «የእማዬ አገር እኮ ከዚህ ቅርብ ናት» አልሁት። እማዬ ሞታ፣ አባዬም በሥራ ተዛውረው አንቺን ይዘው ድሬዳዋ ሲወርዱ አንቺ ገና የወተት ጥርስሽን እያበቀልሽ ነበር፤ ስለዚህ ያን የሐይቅ ዳር መንደር አታስታውሺውም። እኔም ብሆን ካየሁት ብዙ ዘመኔ ነው። የእማዬ ታላቅ እህት አክስታችን የሺመቤት ግን ዛሬም እዚያው አሉ።

ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ስትታጠፊ በክረምት መሬት የሚባል ነገር ያልቃል። ጉማራ ወንዝ ሞልቶ፣ ሐይቁም ገፍቶ፣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ለብሷል። ከውኃው በላይ የሚታየው ረድፍ ረድፉን የቆመ ችካል ብቻ ነው፤ በየችካሉ ራስ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አበባማ ጨርቅ ታስሯል። መልካሙ ደግሞ የመርዓዊ ልጅ ነው፤ ያደገው ቆጋ መስኖ ዳር ነው። እነሱ ዘንድ በቦይ ዳር ግራና ቀኝ ችካል ከቆመ መንገዱ በመካከሉ ነው ማለት ነው። «አየሽ የእናትሽን አገር ሰዎች? ለእንግዳ መንገዱን በጨርቅ አስጊጠው ምልክት አድርገውልናል» አለና በሁለቱ ረድፎች መካከል ሙሽሪትን ነዳት። እኔም የጥልፍ ሰው ነኝና ጨርቅ ጨርቁን ሳይ መንገዱን ማየት ተውሁ። ሙሽሪት ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ውኃው መቀመጫችን ሲደርስ ጭራሽ ዝም አለች።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው እየጮኹ መጡ። አያ ጥዑመ ልሳን ይባላሉ፤ ስም ያወጣላቸው ቄስ ምላሳቸውን ሳይሰማ መሆን አለበት። «የሰው ማሳ በሦስት እግር ሲታረስ የት አገር አይታችኋል?» አሉን። ለካስ የገባነው በእሳቸው ማሳ ውስጥ ነው፤ ችካሉም የማሳ ድንበር እንጂ የመንገድ ምልክት አይደለም። መልካሙ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ መንገድ መስሎኝ ነው» ይላል። «መንገድማ መንገድ ነው፤ ጎርጎራ ድረስ በዋና የሚያስኬድ» ይሉታል እሳቸው። ጩኸቱን ሰምተው ከመጡት ሰዎች መካከል አንዲት ረጅም ሴት ውኃውን እየገመሱ ደርሰው ሸራውን ገለጡና ፊቴን አዩ። «ይቺ የእህቴ ፊት ናት» አሉ። አክስታችን የሺመቤት ነበሩ። ጭቃ በጭቃ እንደሆንን ተቃቅፈን አለቀስን፤ መልካሙንም ባጃጁንም ረሳናቸው።

የችካሉን ነገር የነገሩኝ ልብሴን እሳት ዳር እያደረቁልኝ ነው። እዚያ መንደር ሐይቁ በክረምት ይመጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ሲሸሽ የተወው ጥቁር ጭቃ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ባሕር ሸሽ ይሉታል። ውኃው ግን ሲሄድ ድንበሩን ሁሉ አጥቦ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰው ከሰው እንዳይጣላ በሰኔ፣ ውኃው ሳይመጣ፣ ችካል ይተከላል፤ የማን እንደሆነ እንዲታወቅም የቤቱ እመቤት ካረጀ ቀሚሷ ግርጌ አንድ ብጣሽ ቀድዳ ታስርበታለች። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ለብሳው ያዩዋት ናቸውና ቀሚሷን የማያውቅ ጎረቤት የለም። «ችካል ይሰረቃል፣ ይነቀላል» አሉኝ አክስታችን፤ «የሰው ቀሚስ ግን ማን ደፍሮ የኔ ነው ይላል?»

በማግሥቱ ጠዋት እጄን ይዘው በውኃው ውስጥ እየመሩ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ የቆመ አንድ ችካል አሳዩኝ። የታሰረበት ጨርቅ ነጥቷል፤ ጠጋ ስትይ ግን ሰማያዊ መደብ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ ይታያል። ፀዲ፣ የእማዬ ቀሚስ ነው። ያ አንቺን አዝላ ገበያ ስትሄድ የምትለብሰው። አክስታችን የእማዬን ድርሻ ከራሳቸው ማሳ ጋር ሲያርሱት ኖረዋል፤ ድንበሩን ግን አላጠፉትም። ከሞተች ጀምሮ ሰኔ በመጣ ቁጥር ከቀሚሷ ብጣሽ እየቀደዱ ያስሩበታል። «ለምን?» አልኋቸው። ጥያቄዬ ግርም ብሏቸው «ልጆች አሏት እኮ» አሉኝ። ውኃው ውስጥ እንደቆምሁ እጄን ዘርግቼ የላላውን ቋጠሮ አጠበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ እዚያው አቆየን። መልካሙ የሙሽሪትን ሞተር ፈትቶ ያደርቃል፤ ሲበቃው ደግሞ የጣላቸውን የአያ ጥዑመ ልሳንን ችካሎች መልሶ ይተክላል። ሽማግሌው ወደዱት፤ መውደዳቸውም የታወቀው ስድባቸው በመብዛቱ ነው። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ውኃውንና ጨርቆቹን አያለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ እጄ አላስቀምጥ አለኝ። ከአክስታችን መርፌና ክር ለምኜ የነጠላዬን ጫፍ መጥለፍ ጀመርሁ፤ ከሥር የተቆራረጠ የውኃ መስመር፣ በላዩ ቀጥ ቀጥ ያሉ ትንንሽ ችካሎች፣ በየችካሉ ራስ አንድ አንድ ቋጠሮ። ማንም ፎቶ አላሳየኝም። መልካሙ ዘይት በነካ እጁ ከኋላዬ ቆሞ «ውኃሽ በጣም ቀጥ አለ፤ አስፋልት አስመሰልሽው» አለኝ። ተናደድሁበት። ግን እውነቱን ነው፤ ፈትቼ እንደገና አላላሁት፣ አሁንም ፈታሁት፣ አሁንም ጠለፍሁት። የራቴን ጊዜ ረስቼ ሳልበላ ስቀር አክስታችን ሳቁብኝ። እናትሽም ጓያ ስትዘራ እንዲህ ነበረች አሉኝ።

ስለዚህ ሱቄን አልዘጋሁም። ከእንግዲህ ግን ፎቶ ይዛ የምትመጣን ሙሽራ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ስለ አገርሽ አጫውቺኝ ነው የምላት። መልካሙ «ደንበኛ ታባርሪያለሽ» ይላል። የሰው ማሳ ውስጥ የነዳ ሰው ምክር አይሰጥም አልሁት።

የመጀመሪያው ቀሚስ ያንቺ ነው፤ ጀምሬዋለሁ። ነጭ ፈትል ነው። ውኃው ግርጌውን ዙሮ ይሄዳል፤ ችካሎቹ በላዩ ይቆማሉ፤ ቋጠሮዎቹ ቀይም አረንጓዴም ብጫም ናቸው፣ አንዱ ብቻ ሰማያዊ ነው። በግራ በኩል ጎንበስ ብለሽ ብትፈልጊ ሦስት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታገኛለሽ። ሙሽሪት ናት፤ መልካሙ ካላስገባሻት አላናግርሽም ስላለኝ ነው።

የምትፈሪውን አውቃለሁ። የአማኑኤል ዘመዶች «ይሄ ደግሞ የየት አገር ጥልፍ ነው?» ይላሉ ብለሽ ነው። ይበሉ። አንቺ የምትመልሺው አለሽ። አምና በስልክ «እማዬን በፎቶ ነው እንጂ አላስታውሳትም፤ ድምጿ እንኳ የለኝም» ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን የምልሽ አጥቼ ወሬ ለወጥሁ። አሁን የምልሽ አለኝ፣ ስለዚህም ነው የሌላ ሰው ቀሚስ አልጠልፍልሽም ያልሁት። ይህንን ካልወደድሽው አልቆጣም ብዬ አልዋሽሽም። እቆጣለሁ፣ አዝናለሁም። ቀሚሱን ግን እጨርሰዋለሁ፤ ጥር ሳይገባ በእጄ ይዤው እመጣለሁ።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። ነጠላው የመጀመሪያው ሙከራዬ ነው፣ ስፌቱ ጠማማ ነውና አትሳቂብኝ። በውስጡ ያለው ሰማያዊ ብጣሽ ከእማዬ ቀሚስ የቀረው የመጨረሻው ነው። ስንነሣ አክስታችን ከሣጥናቸው አውጥተው «ለሚመጣው ሰኔ ያስቀመጥሁት ነበር፤ ውኃ ከሚበላው ሙሽራዋ ትልበሰው» ብለው ሰጡኝ። ጥቂት ቀን አንቺ ዘንድ ይደር፣ ከዚያ ይህንን ባመጣልሽ ሹፌር እጅ መልሺልኝ፤ ከሰማያዊው ቋጠሮ ሥር በቀሚስሽ ውስጠኛ ጎን እሰፋዋለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ያረጀ ቀሚስሽን ላኪ። የእማዬ ችካል ለከርሞ የሚታሰርለት የለውም። የኔን ልስጥ ብዬ ነበር፤ አክስታችን እንቢ አሉ። «አንቺማ መንገዱን አወቅሽው። ምልክት የሚያስፈልጋት የራቀችዋ ናት» አሉኝ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የእማዬን ማሳ አየችው በያቸው፣ ዝም ካሉም ዝም በያቸው። ለእትዬ ወለላ፣ ይህ ቀሚስ እሳቸውን ለማስከፋት እንዳልሆነ ንገሪልኝ፤ ያሳደገችም እናት ናት፣ ከቋጠሮዎቹ አንዱ የእሳቸው ነውና የሚወዱትን ቀለም ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ዜማን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። አማኑኤልን አክብሬ ሰላም ብዬዋለሁ፤ እሱ ቀሚሱን እንደሚወደው አልጠራጠርም፣ የምፈራው አንቺን ነው። መልካሙ ሰላም ይልሻል፤ ለሰርግሽ ሙሽሪትን ነድቶ ድሬዳዋ ድረስ ሊመጣ ይዝታል። አክስታችን የሺመቤትም አገላብጠው ይስሙሻል፤ መልእክታቸው አጭር ነው፣ ቃል በቃል አድርሽልኝ ብለውኛል፦ «መሬትሽ ውኃ ውስጥ ነው እንጂ አልጠፋም።»

እህትሽ እናትዓለም አስናቀ
ባሕር ዳር፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም.