የሕንዳዊቷ ዱቄት

ሰኞ፣ መጋቢት 9
የምንከባከባቸውን ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራ ማርያን አጣጥቤ፣ ሾርባቸውን አብልቼ ወጣሁ። ፖንቴ ማሞሎ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ዝናብ። ድካም... እንደ ሁልጊዜው። ዶክተሯ “ታይሮይድሽ፣ የአንገትሽ ዕጢ፣ ሰነፍ ነው” ካለችኝ ወዲህ በየጠዋቱ ክኒን። የወር አበባዬ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ልጅ የመውለዱን ነገር ስጠይቃት፣ “አሎራ፣ እንግዲህ መጀመሪያ ደምሽ ይስተካከል።” አርባ ሊሞላኝ ነው። እስከ መቼ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 12
ጓደኛዬ ሕሊና፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለች አንዲት ሕንዳዊት ጋ ወሰደችኝ። አዩርቬዳ የሚሉትን ያገራቸውን ሕክምና ነው የምትሠራው። ምላሴን አየች። የእጄን የደም ትርታ ይዛ ቆየች።
“ብርድ ይሰማሻል?”
“ሁሌ።”
“ሰውነትሽ ቀዝቅዟል። ለዚህ ነው ፅንስ የማይይዝልሽ።”
ለሆዴ መታሻ የሰሊጥ ዘይት ሰጠችኝ። ከዚያ መራራ የሥር ዱቄት፣ በትኩስ ወተት የሚጠጣ። “ክኒንሽን ግን እንዳታቆሚ” ብላኛለች።
ወተት... በሁዳዴ!

ዓርብ፣ መጋቢት 13
ባሌ ረዳ ወተቱን ሳሞቅ አገኘኝ። “ጾም አይደለም እንዴ?”
“መድኃኒት ነው።”
ኩባያ ከመደርደሪያው አወረደልኝ። እያቀበለኝ፣ “ከሆነልሽ እግዜር ይቅር ይላል።”
ከሆነልሽ... ለምን “ከሆነልን” አላለም?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28
ሰውነቴ ሞቀ። ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁት! የወር አበባዬም ቀርቷል። ለረዳ አልነገርኩትም፣ ፈራሁ። አማቴ ደወሉ። “ውባንቺ ልጄ፣ ምነው ዛሬ ድምፅሽ ደስ አለው?” ምን ልበላቸው? ሳቅሁ ብቻ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9
ልቤ ድው ድው ይላል። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲኞራ ማርያን ከገንዳው ሳነሳቸው ከእጄ አመለጡ... ግድግዳውን ይዘው ተረፉ። ይቆጡኛል ስል፣ “የታመምሽውስ አንቺ ነሽ” አሉኝ።
ስመለስ ፋርማቺያ፣ መድኃኒት ቤት ገብቼ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር። አላረገዝሽም ማለት ነው። ሌላ ገዛሁ። አንድ መስመር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1
ዶክተሯ የደም ውጤቴን አይታ ደነገጠች። “ሌላ ምን ትወስጃለሽ?” ዱቄቱን አሳየኋት። ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ታይሮይዴን ከልኩ በላይ አስሩጦታል አለች። የወር አበባዬን ያስቀረውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። “አቁሚው። ማህፀንሽንና እንቁላልሽንም እንመርምር።”
ሕንዳዊቷ ጋ ሄድኩ። ከልቧ አዘነች። “አንዳንድ ሰው ላይ ይበረታል” አለችኝ። በማን ልቆጣ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 6
ታይሮይዴ ተስተካከለ። “ብራቫ፣ ጎበዝ!” አለችኝ ዶክተሯ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል... ከዚያ ሌላውን ውጤት አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እንቁላሌ አልቋል ማለት ይቻላል። ካሁን በኋላ መውለድ በጣም ይከብዳል አለችኝ።
“ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቂ ያልሽኝ ለምን ነበር?” አልኳት። ጣሊያንኛው ጠፍቶብኝ ባማርኛ ነው የተናገርኩት። አልገባትም። እጄን ያዘችኝ።
ረዳ ውጭ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነበር። ፊቴን አየ። ቦርሳዬን ተቀበለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሄደ። ሌላም መጣ። አልተነሳንም።