የአባታችን የጋሽ ሞረድ ሕይወትና ሃያ ሁለቱ የባስ ቁልፎች

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 7 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ሞረድ ከደረት ኪሳቸው ስለማይለይ ሰፈሩ ጋሽ ሞረድ ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ወደውት ኖሩ። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ከሣጥኑ ተነስተው ያርሙኛል። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምረው ወደ አባታቸው የእንጨት ሥራ ገቡ።

አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው። አጎታችን በአራት ዓመታቸው በኩፍኝ ዓይናቸውን ሲያጡ አባታችን ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚያሻግሯቸው እሳቸው ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. አንድ የተጣለ አኮርዲዮን አግኝተው፣ የተቀደደውን ወናፍ በቆዳና በካርቶን ጠግነው ለአጎታችን ሰጡ። አጎታችን ተጫዋች ሆኑ፤ አባታችንም የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ። ከደረጃ ሥር ባለች፣ በሯ ሲከፈት ወንበሩ መነሳት ባለበት ክፍል ዕድሜያቸውን ጨረሱ። በ1969 ዓ.ም. እናታችንን አግብተው እኔንና ወንድሜን ወለዱ። እናታችን የሙጫ ሽታ አንገሸገሸኝ እያሉ ሙጫውን የሚያሞቁላቸው እሳቸው ነበሩ።

በ2004 ዓ.ም. እኔ ላገባ ስል አባታችን ለአጎታችን ስጦታ አሰቡ። በአኮርዲዮኑ ግራ በኩል ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ መቶ ሃያ ትንንሽ የባስ ቁልፎች አሉ፤ ዓይናማውም ቢሆን በዳሰሳ ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ሃያ ሁለቱ አልቀው ጎድጉደው ነበር። አባታችን ሳይነግሯቸው አውጥተው በአዲስ ለወጧቸው፤ መሀለኛዋ በጣት እንድትለይ እንደ ደንቡ ምልክት አደረጉባት። አሮጌዎቹን ከመጋዝ ብናኝ ጋር ጠርገው ጣሉ። ሥራው እንከን አልነበረውም። አጎታችን ግን ምልክት ፈልገው አያውቁም፤ መንገዳቸውን የሚያውቁት ጣታቸው በአርባ ሁለት ዓመት በቆፈረው ጉድጓድ ነበር።

በሠርጌ ቀን ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው። የሰከሩ መስሎት የሳቀ ሰው ነበር። አኮርዲዮኑን መሬት አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

አባታችን አሮጌዎቹን ፍለጋ ቆሻሻውን ሊበረብሩ ሮጡ፤ የጫነው መኪና ቀድሟቸው ሄዷል። ከዚያ በኋላ የኖሩትን ኑሮ ኑሮ ማለት ይከብደኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አዳዲስ ቁልፎችን እየሞረዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ የወንድማቸውን ጣት ከትዝታ ሊቀርጹ ሞከሩ። ዘጠኝ ጊዜ ወስደው አስዳሰሷቸው። ዘጠኙንም ጊዜ አጎታችን ያሉት አንድ ነው፦ «ይሄ የኔ ጣት አይደለም፣ ወንድምዬ። ተወው በቃ።» ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ለአባታችን ይቀላቸው ነበር። ከዘጠነኛው በኋላ መውሰዱን ተዉ፤ መሞረዱን ግን እኔም እናታችንም ለምነን ማስተው አልቻልንም።

ብናኙ ሳንባቸው ውስጥ ገባ። ሁለት ዓመት ታመው፣ በሐኪምም ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ለዚህ ጽሑፍ ፎቶ ስፈልግ መሣቢያቸው ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። በውስጡ በሞረድ የጎደጎዱ ሃያ ሁለት ቁልፎች በክር ተሰክተው፣ ግርጌያቸው ላይ ተራ ቁጥር ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ለማንም አላሳዩአቸውም። ወስጄ በአጎታችን መዳፍ ላይ አደረግኳቸው። አንድ በአንድ ዳሰሷቸው፣ መጀመሪያ ወደዳሰሱት ተመለሱ፣ ከዚያ «ይሄ ነው» አሉ። እውነታቸውን ይሁን ለኔ አዝነው አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

አባታችን ይህን ቃል በአንድ ቀን ልዩነት አጡት። ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ ሰው እስከ ማታ ጠያይቀን ነበር። ሥራውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን ሁሉም ነገረን፤ ዛሬ የምንቀብረው እሳቸውን ነው።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ቆርቆሮውን ይዘው ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡትን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ዕረፍት ያላወቁ ጣቶቻቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ይቀበልልን።