ስለ ነዕማ ጠበግ፣ ለግሩፑ ክቡር አድሚን

ለአቶ ኢዘዲን ረጀብ
የ«አዲስ ገቢዎች በአሶሳ» የቴሌግራም ግሩፕ መሥራችና ብቸኛ አድሚን
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አቶ ኢዘዲን፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በተለይ ደግሞ ወላጅ እናትዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። የእርስዎ እናት ያሉበት ቦታ የሚታወቅ ስለሆነ ሰላምታዬ ሳይጠፋ እንደሚደርሳቸው አልጠራጠርም።

እኔ ጤናዬ ሙላው እባላለሁ። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር በረንዳዬ ላይ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በወረቀት ጽፌ በየግድግዳው መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ፤ በግሩፑ ውስጥ ልጽፍልዎ ስላልተፈቀደልኝ እንጂ ማስቲሽ ተርፎኝ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ልንገር። ዐፊፋ የምትባል ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከእናቷ ከነዕማ ጋር ከሱዳን በኩርሙክ በኩል ገባች። ኩርሙክ እንደደረሱ ምጥ ያዛት። ወደ አሶሳ ሆስፒታል የሚመጣው መኪና ቦታ የነበረው ለእሷ ብቻ ስለነበር፣ እናቷ ዕቃውን ይዛ በማግስቱ ልትከተላት ተስማምተው ተለያዩ። ነዕማ ስልክ የላትም፤ አንድ ዓይኗም አያይም። ዐፊፋ ሴት ልጅ ተገላግላ ሰው መጠየቅ በቻለችበት ቀን፣ ኩርሙክ የቀሩት ሰዎች በየመኪናው ተጭነው ወደ ተለያየ ቦታ ተወስደው ነበር። ይህ ከሆነ ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሕፃኗ እስካሁን ስም የላትም፤ ስሟን አያቷ ታወጣለች ተብሎ ገና በማህፀን ሳለች ቃል ተገብቶ ነበርና፣ ዐፊፋ ሰባተኛውም ቀን፣ አርባኛውም ቀን ሲያልፍ እናቴ ሳትመጣ አይሆንም ብላ እምቢ አለች።

ዐፊፋ ተከራይታ እኔ ጓሮ የገባችው በእርስዎ ግሩፕ ነው። ለዚህ ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ሲም ካርድ የት እንደሚወጣ፣ የሕፃን ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ለአዲስ ሰው ዋጋ የማይጨምር ባጃጅ የትኛው እንደሆነ፣ የእኔ ጓሮ ክፍል ባዶ መሆኑን ጭምር ያወቀችው ከዚያው ነው። ሰው በማያውቀው አገር ሲገባ ጎረቤቱን ከማወቁ በፊት ስልኩ ውስጥ ያሉትን አሥራ አንድ ሺህ ሰዎች ያውቃል፤ እነሱን ደግሞ የሚያውቀው እርስዎ በፈቀዱለት መጠን ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ዐፊፋ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልኳ ውስጥ የቆየ የአንድ ጠበግ ፎቶ በግሩፑ ለጠፈች። ጠበግ ማለት ምግብ የሚከደንበት፣ ከዘንባባ የሚሰፋ ሰፊ ክዳን ነው፤ ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ግን ስድብ ይሆንብኛል፣ የተወለዱበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳያዩት አላደጉምና። የነዕማ ጠበግ ቀይ ነው፤ ቀዩ ቀለም ስላለቀባት ግን አንዱን ጎን በሰማያዊ የጆንያ ክር ጨርሳዋለች። እንዲህ ያለ ሁለተኛ ጠበግ በዓለም ላይ የለም። ዐፊፋ ከፎቶው ሥር በምትችለው አማርኛ «ይህን ጠበግ የያዘች እናት ያያችሁ ንገሩኝ። ኩርሙክ ነው የተለያየነው። ጠበጉን እሷ ነው የሠራው» ብላ ጻፈች። እርስዎም በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አጠፉት፤ ዐፊፋንም ብሎክ አደረጓት። በዚህ ከተማ ማመልከቻ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውሳኔ ሲያገኝ እኔ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

2ኛ. ስለ ሕግ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ለዐፊፋ በላኩላት የመጨረሻ መልእክት የዕደ ጥበብ ውጤት መሸጥ በግሩፑ ደንብ አንቀጽ ሰባት መከልከሉን፣ ጠፋ ስለተባለ ሰው መለጠፍ የሚቻለውም ፊቱ በግልጽ በሚታይ ፎቶ ብቻ መሆኑን አስረድተዋል። ነዕማ በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ተነስታ ቢሆን እንኳ፣ ዐፊፋ የእናቷን ፊት ለአሥራ አንድ ሺህ ሰው ከመዘርጋት የእናቷን የእጅ ሥራ ማሳየት እንደሚቀላት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ የራስዎን እናት ፎቶ ለጠፉ ሲባል ሰምቼ አላውቅምና። ጠበጉ የሚሸጥ ዕቃ ነው ተብሎ የተነሳበት ያ ግሩፕ፣ ሱቅዎ ስለገቡት አዳዲስ የስልክ መሸፈኛዎች በቀን ሦስት ጊዜ የሚያውጅ መሆኑን ሰው ነግሮኝ ነበር፤ እሱ ግን መረጃ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም ብዬ ተከራክሬልዎታለሁ።

3ኛ. ለዚህኛው የምስጋና ቃል ስላላገኘሁለት ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእነዚያ አሥራ አንድ ደቂቃዎች ውስጥ ሙዐዊያ የሚባል ሰው ለዐፊፋ መልስ ጽፎላት ነበር። ሕፃኗን እያጠባች ስለነበር ስልኳን አልከፈተችውም፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ ብቅ ያለውን ብቻ አየች፦ «ይህን ጠበግ አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ደህና ናት። በመኪና የሄደችው ወደ» ይላል። እዚያ ላይ ተቆርጧል። ልጇን አስቀምጣ ስትነካው መልእክቱ የለም፤ ግሩፑም የለም። ሙዐዊያን ፈልገን እንዳንጠይቀው ስልክ ቁጥሩን አናውቅም፤ በዚህ ክልል ደግሞ ስንት ሙዐዊያ አለ። እሱም ምስኪን የነገራት መስሎት ሥራውን ሠርቶ ያረፈ ይሆናል። ዐፊፋ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወደ» የምትለዋን አንዲት ቃል ይዛ ነው የምትውለው።

4ኛ. በአካል ሱቅዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ወንበር ሰጥተውኛል፣ ውኃም ጋብዘውኛል። የመጣሁበትን ጉዳይ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ ማንኛውም ቅሬታ የሚስተናገደው በግሩፑ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ባለጉዳይዋ በግሩፑ በኩል እንድታመለክት መከሩኝ። ባለጉዳይዋ ከግሩፑ ተባርራለች ብልዎ፣ እሱም ቢሆን በግሩፑ በኩል የሚታይ መሆኑን በትሕትና ገለጹልኝ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር።

5ኛ. እኔ ራሴ አባል ለመሆን ያቀረብኩትን ጥያቄ ስለመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። ከየት አገር መጡ፣ መቼ ገቡ ለሚለው ጥያቄ አሶሳ ነው የተወለድኩት ብዬ እውነቱን ስጽፍ፣ ግሩፑ ለአዲስ ገቢ ብቻ ነው ተብሎ ትናንት ውድቅ ሆነብኝ። ትክክል ነው። አዲስ ገቢ የነበሩት አባትና እናቴ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው እዚህ ሜዳ ላይ ሲራገፉ እናቴ የመጀመሪያ ልጇን፣ እህቴን፣ አዝላ ነበር። የዚህ አገር ሰዎች ሊያዩአቸው ሲመጡ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አንዲት ሴትዮ ግን በእጇ ወደ መንገዱ እያመለከተች ማን እንደቀረባት ጠየቀቻት። እናቴ ይህን እስክትሞት ድረስ ስታወራው ኖራለች፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ የቀረብኝን ሰው ነው ትል ነበር። ያኔ አድሚን ስላልነበረ ይሆናል።

6ኛ. ስድስተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ጽፌ ስጨርሰው ለእርስዎ የሚመጥን አክብሮት ስላጣሁበት ቀድጄዋለሁ።

አቶ ኢዘዲን፣ በጨዋ ደንብ መጻፍ የሚቻለው እስከዚህ ድረስ ነው። ተናድጃለሁ። ኩርሙክ ድረስ ሄጄ ሁለት ቀን ለፍቻለሁ፤ ነዕማ ብዬ ስጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ፣ የዐፊፋ እናት ስል ግን ሦስት የአካባቢው ሴቶች አወቋት። መኪና ላይ ስትወጣ አይተዋታል፤ የትኛው መኪና እንደሆነና ወዴት እንደሄደ ግን አያውቁም። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢዘንብ ግማሹ መንገድ ይዘጋል። አንድ ዓይኗ የማያይ ሴት የሆነ ቦታ ተቀምጣ፣ ልጇ በምጥ ትሙት ትዳን ሳታውቅ፣ መኪና በመጣ ቁጥር እየተነሳች ታያለች። እርስዎ ዘንድ ያለው ደግሞ አንቀጽ ሰባት ነው።

ሰው እንዳያጭበረብር ሕግ ማውጣትዎ አይከፋኝም፤ ስንት ሌባ በችግረኛ ስም እንደሚለምን አውቃለሁ። ግን አንዴ ደውለው ቢጠይቋት ምን ነበረበት? ቁጥሯ እርስዎ ዘንድ ተመዝግቧል። ያንን ሲም ካርድ እንድታወጣ የመከራትም ግሩፕዎ ነው።

የምጠይቀው ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታዎን ለአንቀጽ ስምንት ያስቀምጡት። ዐፊፋን ይመልሷት፣ ፎቶውን መልሰው ይለጥፉላት፣ ሙዐዊያም እንደገና እንዲጽፍ በስሙ ይጥሩት። ይህ ሁሉ ሲደመር እንኳ አሥራ አንድ ደቂቃ አይፈጅብዎትም።

እርስዎን በማክበር ረገድ ማንም የማይቀድማት፣ በእርስዎ ግሩፕ ግን ገና ያልገባች፣

ጤናዬ ሙላው
ልብስ ሰፊ፣ የአሶሳ ነባር ገቢ

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለገበያው በር
ለኩርሙክ መኪና ሾፌሮች፣ በየደረሱበት እንዲያነቡት
ለሱቅዎ መዝጊያ (በማስቲሽ)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ካጠፍኩት በኋላ አንድ ነገር ስለተፈጠረ ይህን ጨመርኩ። ግሩፕዎ ፊት ለፊት ላይ ያለው ፎቶ በትንሿ ክብ ውስጥ ሲታይ የእርስዎ ፊት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ዐፊፋ ስልኬን ተቀብላ ክቧን ስትነካት ፎቶው በሙሉ ተከፈተ። ለካ ኩርሙክ ላይ ለመጡት ሰዎች ውኃ ሲያድሉ የተነሱት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከግራ ትከሻዎ በስተኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ጀርባዋን የሰጠች ሴት እየተሳፈረች ነው፤ ብብቷ ሥር ጠበግ ይዛለች፣ ቀይ፣ አንዱ ጎኑ ሰማያዊ። ዐፊፋ አላለቀሰችም። ልጇን ለእኔ ሰጠችኝና ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ፎቶውን አይቀይሩት፤ ቢቀይሩትም እኛ ጋ ቀርቷል። የሴትዮዋ ፊት እንደማይታይ፣ ስለዚህም ፎቶዎ የራስዎን ሕግ እንደማያሟላ አውቃለሁ፤ ለዚህ አልከስዎትም። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ ከዚያ መኪና ጎን ቆመው የነበሩት ግን እርስዎ ነዎት። ሙዐዊያ የጀመረውን እርስዎ ይጨርሱልን፤ መኪናው የሄደው ወዴት ነው?